የአያቴ አውራ ጣት

አያቴ ቤት፣ ከአልጋዋ ራስጌ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለች። በልጅነቴ ውስጧ ወርቅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት መንገዱ ሲከፈትልኝ ፋርጣ ገባሁና፣ አያቴ ሣጥኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴ ከፈተቻት። የእድር ደረሰኝ፣ የሟቹ አያቴ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አረንጓዴ የመሬት ደብተር፣ ከደብተሩ ውስጥ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት።

“እስቲ አንብብልኝ” አለች። “እኔ ያልሁት ሁለት አዝመራ ነው። ልጁ ግን አሥር ነው ይለኛል።”

አነበብሁት። አሥር ነው።

ወረቀቱ የመሬት ኪራይ ውል ነው። “ውል ሰጪ” አያቴ ናት። “ውል ተቀባይ” የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እሷው ጓሮ ሲሯሯጥ ያደገ ልጅ። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለችውን የድንች ማሳዋን ለአሥር የምርት ዘመን አከራይታ፣ ገንዘቡን በምስክሮች ፊት ቆጥራ ተቀብላለች ይላል። የገንዘቡ ልክ እሷ ከምትለው ጋር አንድ ነው፤ ማለትም የሁለት አዝመራ ኪራይ ነው። ከታች ውሉን ያፈረሰ ወገን ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪው ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል ይልና እንዲህ ብሎ ይዘጋል፤ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው። ከዚያ በታች የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ከዚያ በታች የአያቴ አውራ ጣት፣ በሰማያዊ ቀለም።

“አላነበቡልሽም?” አልኋት።

“አነበቡልኝ። ግን ቶሎ ቶሎ ነበር። የገበያ ቀን ነበር።”

አንባቢ ሆይ፣ ቤት ተከራይተህ፣ ሞተር ሸጠህ ወይም ለዘመድህ ዋስ ሆነህ የምታውቅ ከሆነ ያችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ታውቃታለህ። 1731 እና 2005! ከመተማ እስከ ሞያሌ ያለ የውል ወረቀት ሁሉ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ በእርሷ ነው የሚዘጋው። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ በቃሉ ያውቃታል። እኔ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም ነበር። አንተ አንብበሃል? ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁጥሩን እንጂ ሕጉን አይደለም፤ ያስቀመጠኝም ይኸው ነገር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። 1731 የሚለው፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ነው። ይህቺ ሐሳብ የእኛ አገር ልጅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1804 ናፖሊዮን ካወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአንቀጽ 1134 የመጣች ናት። እዚህ ያመጣት ሬኔ ዳቪድ የተባለ የፓሪስ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የወንጀሉን ሕግ ለስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን፣ የንግዱን ለፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ (ሥራውን በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨርሶታል)፣ ትልቁን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለዳቪድ ሰጡ። ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቀ፣ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፣ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። 3367 ቁጥሮች አሉት። ከጥቂት ማሻሻያና ከቤተሰቡ ክፍል መተካት በቀር ዛሬም የምንዋዋለው በእርሱ ነው። ዘውዱ ወድቆ፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ሕገ መንግሥት ተቀያይሮ፣ የውል ሕጉ ግን ከቦታው አልተነሣም። በዚህ አገር ይህን ያህል የቆየ ነገር ብዙ የለንም።

ከዚያ በፊትስ ጉና ግርጌ ውል አልነበረም? ነበረ እንጂ! አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ በተራ ያርሳል። ማሳ ያለው ጉልበት ላለው ለእኩል ይሰጣል። ላም ያለው ለርቢ ሰጥቶ ጥጃውን ይካፈላል። ገንዘብ የቸገረው መሬቱን ወለድ አገድ ያስይዛል፤ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ያርሰዋል፣ ዋናው ሲመለስ ማሳው ይመለሳል። ለአያቴ “ውል” ማለት መጀመሪያም የልቃቂት ክር ጫፍ ነው፤ እሱ ከጠፋ ፈትሉ ሁሉ ይወሳሰባል። ሰዎቹ የውላቸውን ጫፍ የሚይዙት በወረቀት ሳይሆን በሰው ነበር። ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ በንጉሥ ስም ይማላል። ዋስ የሌለው ውል ከነፋስ ጋር የተደረገ ወሬ ነው። ነገሩ በአደባባይ የሚደረግ በመሆኑም “ሁለት ነው ያልሁት”፣ “አሥር ነው ያልሽው” የሚል ክርክር ሲነሣ ቢያንስ የሰሙ ጆሮዎች ነበሩ።

ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ፍትሐ ነገሥት አለ። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሽያጭ በየአንቀጹ ይናገራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ነገሥት ሥጋዊ ክፍል ብዙው የተቀዳው ከቢዛንታይንና ከሶርያ ከመጡ የሮማ ሕግ ስብስቦች ነው። የፈረንሳዩም ሕግ ሥሩ ሮማ ነው። ስለዚህ ሮማ ወደ ጉና ሁለት ጊዜ መጥታለች ማለት ነው፤ አንዴ በካይሮ በኩል ግዕዝ ለብሳ፣ አንዴ በፓሪስ በኩል ከረባት አስራ። “ባህር ማዶ የመጣ ሕግ” እያልን ስናማው ይህንንም ብናስታውስ ደግ ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ማር ለማስመሰል አይደለም። የዋስ ሥርዓት ስንቱን ምንም ያልበላ ሰው በሌላው ዕዳ አራቁቷል። ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚውሉበት ቁራኛ የሚሉት ነገር የትናንት ታሪካችን ነው። ሴት ልጅ በአደባባዩ መካከል ምን ያህል ድምፅ እንደነበራትም ሁላችን እናውቃለን። ስለ ፈቃድ ካነሣን ደግሞ ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙ የማይርቀው ጋፋት ይመስክር። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉ ማን ሰማቸው? ሴባስቶፖልን አቅልጠው አወጡት። ዛሬ ቢሆን ጠበቃቸው ቁጥር 1706ን፣ በማስፈራራት ስለተገኘ ፈቃድ የሚናገረውን፣ ይጠቅስ ነበር። የሚሰማ ዳኛ ካገኘ!

ዳቪድ እዚህ ሲመጣ የቀረበለት ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በጋብቻና በውርስ በኩል የአገሩን ልማድ ለማስገባት ሞክሯል። በውል በኩል ግን ልማዱ ለዘመናዊ ንግድ አይበቃም ብሎ አመነ። አውሮፓ ሕጓን ለማብሰል ብዙ መቶ ዓመት ፈጅታለች፣ ኢትዮጵያ ግን ያን ያህል ለመጠበቅ ጊዜ የላትም የሚል ነበር ክርክሩ፤ በኋላም ጽፎታል። ስለዚህ ቁጥር 3347 መጣ። በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ በልማድም ሆነ በጽሑፍ የነበረውን ሁሉ ሻረ። የመቀናጆውና የዋሱ ዓለም በወረቀት ላይ በአንድ ቀን ሞተ። መሬት ላይ ግን ማን ነግሮት!

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዳቪድ የውል ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። እንዲያውም ከወላጁ የቀደመበት ቦታ አለ። የፈረንሳይ የሕግ ሊቃውንት ውል ከፈቃድና ከጉዳዩ ሌላ “ምክንያት” የሚባል ነገር ሊኖረው ይገባል እያሉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ ተማሪው ሁሉ ይንቀጠቀጥበት የነበረ ትምህርት ነው። ዳቪድ ለእኛ ሲጽፍ ይህን ቆርጦ ጣለው። ፈረንሳይ ራሷ ከሕጓ ያወጣችው መቼ መሰለህ? እ.ኤ.አ. በ2016! ሃምሳ ስድስት ዓመት ቀድመናታል።

ያልቀደምንበት ቦታ ደግሞ አለ፤ እሱ ነው ልብ የሚበላው። ቁጥር 1763 ውል ከተደረገ በኋላ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀራል ይላል። ዳኛው እጁን አያስገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ በተደረገ ጊዜ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት ባለው ዋጋ ቤት ልሠራ፣ ብረት ላቀርብ ብሎ የፈረመ ትንሽ ተቋራጭ ደብረ ታቦርም ይኑር አዲስ አበባ 1763 ፊት ለፊቱ ቆሞ ጠበቀው። ፈረንሳይ ያንኑ ጥብቅ አቋም እ.ኤ.አ. በ2016 አላልታዋለች። ያልታሰበ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ ተደራደሩ፣ ካልሆነ ዳኛ ያስተካክለው ይላል አዲሱ ሕጓ። እኛ ግን እነሱ የተዉትን ይዘን ቀርተናል።

እርግጥ 1766 ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ ግንኙነት፣ በተለይ ዝምድና ካለ ዳኛው ሚዛኑ የተዛባውን ውል ሊያስተካክል ይችላል። ይህን ለአንድ የፋርጣ ሰው ብትነግረው “ታዲያ ዘመዴ ያልሆነ ማን አለ?” ብሎ ነው የሚስቅብህ። ሰባት ቤት ቆጥሮ ከተቋራጩ ጋር ይገናኝልሃል!

ወደ አያቴ ጣት ልመለስ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ባሕር ዳር ለሚኖር የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ በአምስት ደቂቃ መጣ። “1728ን አንብብ” አለኝ።

አነበብሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር በውል ላይ የጣት አሻራውን ቢያሳርፍ፣ አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር አይገደድበትም። ይኸው ነው! ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የአያቴን ጣት የሚጠብቅ አንቀጽ ነበረን። አያቴ በዚያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ፍየል ትጠብቅ ነበር። ሕጉ ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት ኖሮ እሷ አንድም ቀን አልሰማችም። ራፖር ጸሐፊው 1731ን በቃሉ ያውቃል፤ 1728ን ግን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይጽፈውም። ደግሞም የገጠር መሬት ኪራይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሆን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ነበረበት። አልተመዘገበም።

ጓደኛዬ ቀጠለ። 1710ንም ተመልከት አለኝ፤ ውል ለአንዱ ወገን ስላደላ ብቻ አይፈርስም፣ ነገር ግን የአንዱን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም በግልጽ የሚታይ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ከሆነ ፍትሕ ሲያስፈልግ ሊፈርስ ይችላል። የአሥር ዓመት መሬት በሁለት ዓመት ዋጋ! ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ አለ?

ቀሪውን ሌሊት ሕጉን ሳገላብጥ አደርሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ነው። ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር የትልቅ ሰው ገንዘብ ነበር። ዛሬ የበዓል ዶሮ አይገዛም። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ለጎረቤትህ ዶሮ መግዣ ስታበድር ብዕርና ወረቀት አውጣ ማለት ነው። ማን ያወጣል? ምስክር ጠርተን “እግዜር ይመስክር” ብለን እንሰጣለን፤ ተበዳሪው የካደ ቀን ምስክሩ ይቀርብና ዳኛው መስማት አይችልም። የድሮው ሥርዓት የተሻረው ለዘመናዊው ቦታ ለመልቀቅ ነበር። እዚህ ላይ ግን ሰውዬው የድሮውንም አጥቶ አዲሱንም አላገኘም።

በተቃራኒው አራጣ አበዳሪ ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቃል። ሕጉ ከ100 በዓመት 12 በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አልፎ የተገኘ እንደሆነ ወደ 9 ይወርዳል። ታዲያ አራጣ አበዳሪው ወለድ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ መች ይጽፋል? 12 ሺህ ብር ሰጥቶ “20 ሺህ ብር ቆጥሬ ተበድሬአለሁ” ያስብልሃል። ከዚያ 2005 ትመጣለች፤ የተፈረመ ጽሑፍ በፈረሙት መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው። በጽሑፍ የሰፈረን ነገር በሰው ምስክር ለማስተባበል ደግሞ ሕጉ በሩን አጥብቦታል። አያቴ ወረቀት ግርጌ ያለችው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠች አልነበረችም። ለሚያውቃት ቁልፍ ናት፤ ለማያውቃት መቆለፊያ።

“ለመንግሥት ይህን ያህል ገደብ” የሚለውስ? ዳቪድ ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም። ሕጉ የሚያውቀው ተዋዋዮቹ እርስ በርስ የሚከፋፈሉትን መቀጮ ነው። የመንግሥቱ ድርሻ ረቺው ሳይሆን ዳኛውና ግምጃ ቤቱ ይበሉበት ከነበረው ከድሮው ሙግት የተረፈ ይመስለኛል። ፓሪስ የተወለደ አንቀጽና የአፄዎቹ ዘመን ገደብ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሕግ እንዲህ ነው የሚኖረው፤ 3347 ሻርሁህ ያለው ነገር ራፖር ጸሐፊው ብዕር ውስጥ ተደብቆ ስድሳ ዓመት ኖረ።

ይህ የገጠር ሰው ጉዳይ ነው የምትል ከተሜ ካለህ ትንሽ ቆይ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ስለ ቤት ሽያጭ ሲወስን፣ ቁጥር 1723ን መሠረት አድርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ውል አይቆጠርም አለ። የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስራል፤ በዚያን ጊዜ ይህን ይል የነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። በሠፈር ወረቀትና በሁለት ምስክር ቤት ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ ገብቶ ልጅ ያሳደገ ሰው የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ “ውል የለንም” ብሎት ወጣ። በኋላ ችሎቱ፣ ውሉ መደረጉ ካልተካደ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን አያፈርሰውም ወደሚል አለዝቦታል። እስከዚያ ግን ስንቱ በየቀበሌው አለቀሰ! ይኼ ሁሉ ሰው ፊደል የቆጠረ ነው። አንዳንዱ ዲግሪ አለው።

እኛስ? በስልካችን ብድር ስንጠይቅ፣ አዲስ መተግበሪያ ስንጭን “ተስማምቻለሁ” የሚለውን የምንጫነው በምን ጣት ነው? በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት በኤሌክትሮኒክስ የተደረገ ነገር በዚያ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። እኔ ያን ረጅም ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም፤ የገበያ ቀን ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ እኔ አዲስ ሕግ ይውጣ የምል ሰው አይደለሁም። 500 ብሯ ትስተካከል፣ 1763 ትታይ፣ እሺ፤ ይህ የምክር ቤት ሥራ ነው። ግን አሁን ባለው ሕግ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች ሰብስቦ ለሦስት ቀን 1710ን፣ 1723ን እና 1728ን ማስተማር ስንት ያስወጣል? በየዓመቱ የሕግ ተመራቂ የሚያወጡት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎቻቸውን በገበያ ቀን ወረቀት ጮክ ብለው እንዲያነቡ ቢልኩ ምን ይጎድልባቸዋል? በተለይ በመሬት። ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ሽያጩ በኪራይ፣ በስጦታ፣ በብድር ስም ይሸፈናል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ደግሞ ባል የሞተባት፣ ልጇ ከተማ የገባባት፣ በሬ የሌላት ሴት ናት። የኔው አያት።

የእሷ ነገር እንዴት ሆነ? እኔ ክስ እንመሥርት አልሁ። ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አራት አንቀጽ አለኝ። አያቴ ግን “ያን ልጅ ያዋለድሁት እኔ ነኝ፣ በፍርድ ቤት አላቆመውም” አለች። ደግሞም ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከፍታ ያለ ቀን አለ፣ የሌለ ቀን አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ልጁም መጣ። አንገቱን ደፍቶ “አሥር የሚለውን እኔ አላልሁም፣ ጸሐፊው እንዲህ ይሻልሃል ብሎኝ ነው” አለ። አመንሁት አላልሁም፤ ዝም አልሁ። 1728ን በወረቀት ገልብጬ ይዤ ስለነበር አነበብሁላቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም የነበሩ አባት ልጅ፣ ደጋግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና “ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ሲኖር እስከዛሬ የት ደብቃችሁት ነበር?” አሉኝ። የደበቅሁት እኔ ይመስል አፈርሁ።

ተስማሙ። የተከፈለው የሁለት አዝመራ ነውና አንዱ ቀርቶታል፤ እሱን ያርስና ማሳው ይመለስ። አሮጌው ወረቀት እዚያው ተቀደደ። አዲሱን እኔ ጻፍሁ። 1731ንም 2005ንም አልጻፍሁም፣ ቢጻፉም ባይጻፉም ያው ናቸው።

ስጨርስ አያቴ “አንብብ” አለች። አነበብሁ። “ደግመህ” አለች። ደገምሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ መሐል ላይ አስቆመችኝ።

“በረዶ የሚለው የታለ?”

“የምን በረዶ?”

“ጉና ነው እኮ ያለኸው። በረዶ ቢመታውስ? ውርጭ ቢያነደውስ? ለእኩል ስንሰጥ ሁለታችን ነበርን የምንከስረው። አሁን ገንዘቡን እኔ በልቼዋለሁ፣ ድንቹ ቢጠፋ እሱ ብቻውን ሊያለቅስ ነው?”

ልጁ ቀና ብሎ አያት። እኔ 1763ን አሰብሁ። ከዚያ ጻፍሁት፤ ማሳውን በረዶ ወይም ውርጭ የመታው እንደሆነ ውል ተቀባይ አንድ አዝመራ ይጨመርለታል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀለሙን ሳጥን ሳቀርብላት ጣቷን ሰበሰበችው።

“አንተ ዳኛ ነህ?” አለችኝ። “ሰኞ ወረዳ ወስደህ፣ እዚያ።”